የሁለት ወሯ አገር

ባሌ ባንጁጉ ጃራ ዛሬ በካርታ ላይ የሌለ አገር የምክር ቤት አባል ነበር። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ያረጀች ሴት የምትቀባጥር ይመስለዋል። አገሩ ግን ነበረ። ባንዲራውን በእነዚህ ጣቶቼ ሰፍቻለሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው፤ መሐሉ ላይ እጆቹን ወደ ላይ የዘረጋ ጥቁር ሰው አለበት። ያ ጥቁር ሰው በጣም ነበር የሚያስቸግረው፤ ክንዱ ቀጭን ስለሆነ ጨርቁ ይሸሻል። አገሩ ነፃ ሆኖ የኖረው ሁለት ወር ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960 ከሰኔ ሃያ እስከ ነሐሴ ሃያ።

እኔ የተወለድኩት ሴኔጋል ውስጥ ቲዬስ በምትባል የባቡር ከተማ ነው። አባባ ሜይሳ ጆፕ በባቡር መጠገኛው ሠላሳ ዓመት የሠሩ መካኒክ ነበሩ። ቤታችን ከጣቢያው ፊት ለፊት ስለነበር እኔ በረንዳው ላይ የልብስ ስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የባቡረኞችን ልብስ እሰፋ ነበር። በ1952 አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ክርኑ ላይ የተቀደደ ኮት ይዞ መጣ። ከካይ ተዛውሮ የመጣው አዲሱ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው። ካይ የሱዳን ከተማ ናት፤ ዛሬ ማሊ የሚባለውን አገር ያኔ ፈረንሳዮቹ ሱዳን ይሉት ነበር፣ እኛም እንደዚያው እንል ነበር።

"ማን ብዬ ልጻፍበት?" አልኩት።

"ባንጁጉ ጃራ።"

መርፌዬን አስቀመጥኩ። እኛ ዘንድ ጆፕና ንጃይ ከተገናኙ መሰዳደብ ወግ ነው። አንዱ ሌላውን አሽከሬ፣ ሆዳም፣ አደንጓሬ በላ፣ ሌባ ይለዋል፤ የሚቀየም የለም፣ መቀየምም ነውር ነው። የሱዳን ጃራ ደግሞ ከእኛ ንጃይ ጋር አንድ ዘር ነው ይባላል።

"እኔ ንጎኔ ጆፕ እባላለሁ" አልኩት። "አሽከሬ ነህ ማለት ነው። አሽከር ደግሞ ኮት ምን ያደርግለታል?"

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። "የጆፕ ቤት መሆኑን ባውቅ ኮቴን ይዤ አልገባም ነበር" አለ። "ትሸጪዋለሽ።"

"ማን ይገዛዋል? አደንጓሬ አደንጓሬ ይሸታል።"

"ስመጣ አልነበረበትም። በረንዳሽን ስረግጥ ነው የጀመረው።"

አባባ ከውስጥ ሲስቁ ሰማኋቸው። ኮቱን ሰፋሁለት። በሳምንቱ ደግሞ ሸሚዝ ይዞ መጣ፤ አንዱ ቁልፍ በቢላ ተቆርጦ እንደወጣ በግልጽ ያስታውቃል። ቁልፉን ሰፋሁለት። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቁልፍ ቆርጦ መጣ።

ባንጁጉ ሲናገር አይጮኽም። በዚያን ጊዜ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ሁሉ ይጮኽ ነበር፤ ጠረጴዛ የሚደበድብ ነበር፣ ኮፍያውን የሚወረውር ነበር። እሱ ቴሌግራፍ የለመደ ሰው ስለሆነ አጭር አጭር አድርጎ ነበር የሚናገረው። አንድ ነገር ይልና ዝም ይላል፤ የተናገረው ነገር ሰው ጋ እስኪደርስ የሚጠብቅ ይመስል። ሰዉ ደግሞ በዚያ ዝምታ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይጠጋል። በሁለት ዓመት ውስጥ የቲዬስ ባቡረኞች ማኅበር ጸሐፊ አደረጉት። የእኛን ቋንቋ ወሎፍን የሚናገረው እየተሰናከለ ነበር፤ አንዴ በስብሰባ ላይ "መብታችንን እንጠይቃለን" ሊል "ጎመናችንን እንጠይቃለን" ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። ከዚያ ወዲህ የቲዬስ ባቡረኛ ደሞዝ ሲዘገይበት "ጎመናችንስ?" ይል ጀመር።

በ1954 ሽማግሌ ሲልክ እናቴ አኮረፈች።

"ሱዳናዊ ነው" አለች። "አንድ ቀን ይዟት ይሄዳል።"

"ወዴት ይሄዳል?" አሉ አባባ። "ካይ በባቡር የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። ሀዲዱን የምንጠግነው እኛው ነን።"

ተጋባን። በሠርጉ ዕለት የጆፕ ሴቶች ሁሉ ባንጁጉን ከበው አሽከር እንደሚገዛ ሰው ጥርሱን ከፍተው አዩት፤ እሱም አፉን ከፍቶ ቆመላቸው።

ፖለቲካ ውስጥ በደንብ የገባው በ1957 ነው። ፈረንሳዮቹ እያንዳንዱ አገር የራሱ ምክር ቤት ይኑረው ብለው ምርጫ ሲያደርጉ የካይ ሰዎች ባንጁጉን ካልተወዳደርክልን አሉት። መኪና የለውም፣ ፓርቲውም ለትንሽ ሰው መኪና አይሰጥም። ታዲያ ምን አደረገ? በባቡሩ ዞረ። ከካይ ወደ ባማኮ የሚሄደው ባቡር በየጣቢያው አሥር አሥር ደቂቃ ይቆማል። ባንጁጉ በፉርጎው በር ላይ ቆሞ የአሥር ደቂቃ ንግግር ያደርጋል፤ ፊሽካ ሲነፋ ያቆማል፤ የቀረውን በሚቀጥለው ጣቢያ ይጨርሳል። ጋሉጎ ላይ የንግግሩን መጀመሪያ የሰሙ ሰዎች መጨረሻውን ለመስማት እስከ ማሂና አብረውን ይሳፈሩ ነበር። እኔም አብሬው ነበርኩ፤ በመስኮት ወተት፣ ዶሮ፣ ኦቾሎኒ ይሰጡኛል፣ እቀበላለሁ። ፉርጓችን የዶሮ ቤት ሆኖ ነበር።

ማሂና ላይ አንዲት ወተት ሻጭ ወደ በሩ ቀረበች። ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ነች።

"አንተ ልጅ፣ ብንመርጥህ ባቡሩ እዚህ ስንት ደቂቃ ይቆማል?"

ባንጁጉ ትንሽ አሰበ። "ያው አሥር።"

"ታዲያ ለምን እንመርጥሃለን?"

"እናቴ፣ ሃያ ይቆማል ብዬ ልዋሽሽ እችላለሁ። ነገ አሥር ላይ ሲሄድ ግን ወተትሽን ይዘሽ የምትሮጪው አንቺ ነሽ።"

ሴትዮዋ ወደ ሕዝቡ ዞረች። "ይሄ ልጅ መዋሸት አልተማረም። ባማኮ ሳያበላሹት እንላከው" አለች። ማሂና ላይ ከእሱ ሌላ ድምፅ ያገኘ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

በ1959 ሴኔጋልና ሱዳን አንድ አገር እንሁን ተባባሉ፤ ስሙም የማሊ ፌዴሬሽን ሆነ። ዋና ከተማው ዳካር ስለነበር ባንጁጉ ከሱዳን ከተላኩት ሃያ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት አንዱ ሆኖ መጣ፤ ከሴኔጋልም ሃያ ነበሩ። ሜዲና ሰፈር ባለ ሦስት ክፍል ቤት ተከራየን። እኔ ሴኔጋላዊት ነኝ፣ እሱ ሱዳናዊ፤ ስለዚህ ሰው ቤታችንን "ፌዴሬሽኑ" ይለው ነበር። "ዛሬ ምሳ የት ነው?" ሲባባሉ፣ "ፌዴሬሽኑ ጋ" ይላሉ።

የእሁድ ምሳችንን ሳስታውስ አሁንም ልቤ ይሞቃል። ከባሕሩ የመጣ ዓሣ ከሩዝ ጋር አዘጋጃለሁ፤ የሱዳኖቹ ሚስቶች ደግሞ የማሽላ ገንፎአቸውን ከባሚያ መረቅ ጋር ይዘው ይመጣሉ። በአንድ ምንጣፍ ላይ የሁለቱ አገር የምክር ቤት አባላት፦ የታምባኩንዳ አስተማሪ፣ የሴጉ ሐኪም፣ የሴንት ሉዊስ ጠበቃ፣ የካይ ከብት ነጋዴ ይቀመጣሉ። ስለ ሕገ መንግሥት ይጨቃጨቃሉ፤ ከዚያ ስለ ባሚያው ይጨቃጨቃሉ። ባንጁጉ ከዳካር እስከ ባማኮ ያለ ባቡረኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ጡረታ እንዲኖረው የሚል ሕግ እያረቀቀ ነበር። ረቂቁን ያነብልኝና "ገባሽ?" ይለኛል። ካልገባኝ ይሰርዘዋል። "አንቺ ካልገባሽ አባትሽም አይገባቸውም። እሳቸው ካልገባቸው ደግሞ ለማን ነው የምጽፈው?" ይለኛል።

ነፃነት የታወጀ ዕለት ሰኞ ነበር። በምክር ቤቱ ሰገነት ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። ባንጁጉ ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ፈለገኝ፤ ሲያገኘኝ በጣቱ ሆዱን ነካ አደረገ፣ ራበኝ ማለቱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ንግግር ነበር። አጠገቤ የነበረችው ሴት "ባልሽ ምን አለሽ?" ስትለኝ "ታሪካዊ ቀን ነው አለ" አልኳት።

ከዚያ የሆነውን ብዙ ሰው ጽፎታል፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው። ላይኞቹ ሰዎች አልተስማሙም። ጠቡ ማን ፕሬዚዳንት ይሁን፣ ወታደሩን ማን ይዘዝ በሚለው ላይ ነበር። ነሐሴ ሲገባ የእሁዱ ምሳ ሳሳ። አንድ እሁድ ሴኔጋሎቹ ቀሩ፤ በሚቀጥለው ሱዳኖቹ መጥተው እያንሾካሾኩ በሉ። የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። እናቴ ቲዬስ መጥተሽ ውለጂ ስላለችኝ በሳምንቱ መሐል ሄድኩ። ባንጁጉ ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ።

"ይታረቃሉ?" አልኩት።

"ይታረቃሉ" አለ። "ሌላ ምን ያደርጋሉ?"

ቅዳሜ ጠዋት ራዲዮው ሴኔጋል ከፌዴሬሽኑ መውጣቷን ተናገረ። አባባ ራዲዮኑን አጠፉት፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ከፈቱት፣ የተለወጠ ነገር ካለ ብለው ይመስለኛል። የሱዳን ትልልቆቹ ሰዎች በባቡር ወደ ባማኮ እንደተመለሱ ሰማን። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ላቲር ፋይ ወደ ቤታችን መጣ። ላቲር የባንጁጉ የማኅበር ጓደኛ ነው፤ በጣቢያው የባቡሩን ቀይና አረንጓዴ ምልክት የሚያዝ ሰው ነበር።

"ንጎኔ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ባቡር ያልፋል" አለኝ። "የቀሩት የሱዳን የምክር ቤት አባላት አሉበት። ባንጁጉም አለበት። ቲዬስ ላይ እንዳይቆም ትእዛዝ አለ።"

"ካልቆመ ምን ልሁን?"

"አንቺ መድረኩ ላይ ቁሚ" አለ።

ቆምኩ። አባባ መጠገኛውን ጥለው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ባቡሩ ከሩቅ ሲመጣ ምልክቱ ቀይ ነበር፤ ባቡሩ ሲጢጥ እያለ ቆመ። የጣቢያው ሹም ከቢሮው እየሮጠ ወጥቶ ላቲር ላይ ጮኸበት። ላቲር ዘይት በነካው እጁ የምልክቱን ማንሻ ብረት እየነካካ "ጌታዬ፣ ሙቀቱ ነው። አልነሳ አለኝ" ይለዋል። ሹሙም የድሮ የማኅበር ሰው ነው። እንደገና ጮኸ፤ ግን ወደ ብረቱ አልቀረበም።

በሆዴ እየተንገዳገድኩ መስኮቶቹን አየሁ። በሦስተኛው ፉርጎ አገኘሁት። ያን እኔ የሰፋሁለትን ግራጫ ልብስ ለብሷል፤ ከረቫት የለውም። በሩ ላይ አንድ ጠብመንጃ የያዘ ወጣት ፖሊስ ቆሟል።

"ማነጋገር ክልክል ነው፣ እመቤት" አለኝ።

"የእኔ አሽከር ነው" አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። "እኔ ጆፕ ነኝ፤ እሱ ጃራ ነው። ሳያስፈቅደኝ ነው የሚሄደው።"

ፖሊሱ ከንፈሩን ነከሰ። "እኔስ ንጃይ ነኝ" አለ።

"አንተም አሽከሬ ነሃ! ዞር በል።"

ፖሊሱ ሳቁ አመለጠው። ግራና ቀኝ አየና ጀርባውን ሰጠን። "ያንን ዛፍ እያየሁ ነው" አለ። "ዛፉን አይቼ እስክጨርስ ነው።"

ባንጁጉ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። ከቅዳሜ ጀምሮ ጢሙን አልተላጨም።

"በልተሃል?" አልኩት።

"አደንጓሬ ሰጡን።"

"ያው የምትወደውን ነዋ።"

ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። "ንጎኔ፣ ጥቂት ሳምንት ነው" አለ። "ሴት ከሆነች ቴኔ በያት፣ በእናቴ ስም። ወንድ ከሆነ በአባባ ስም።" ከዚያ ወደ አባባ ዞሮ "አባባ፣ አደራ" አላቸው። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። እሺ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባቡሩ ሰባት ደቂቃ ያህል ቆመ። ከዚያ ላቲር ብረቱን ለቀቀው።

በሳምንቱ ድንበሩ ተዘጋ። ኪዲራ ከምትባለው የድንበር ጣቢያ ማዶ ሱዳኖቹ ሀዲዱን ነቀሉት፤ የቴሌግራፉም መስመር ተቆረጠ። ጥቂት ሳምንት ያለው ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ቴኔ በጥቅምት ተወለደች። ደብዳቤ የሚያልፈው በጭነት መኪና በበረሃው በኩል ዞረው በሚሄዱ ነጋዴዎች እጅ ነበር፤ አንዱ ደብዳቤ አራት ወር ይፈጅበታል፣ ሌላው ጭራሽ አይደርስም።

ባማኮ ላይ ባንጁጉን የትራንስፖርት ምክትል ሚኒስትር አደረጉት። ባቡር የሌለው የትራንስፖርት ሹም ማለት ነው። ሥራው ዕቃው ሁሉ በጭነት መኪና ወደ አቢጃን ወደብ የሚሄድበትን መንገድ ማስከፈት ነበር። ጥሩ ሥራ ሠራ ይባላል። በ1961 መጀመሪያ አካባቢ ድምፁን በራዲዮ ሰማሁት። ልብስ እየሰፋሁ ነበር። ያ አጭር አጭር አነጋገሩ ነው፤ መሐል ላይ ዝም የሚለውም እሱ ነው። "ሀዲዱ ሞቷል" አለ። ዝም። "እኛ ግን አልሞትንም።" ዝም። "ከእንግዲህ ወደ ምዕራብ አንመለከትም።"

በማግስቱ ቧንቧው ጋ ውኃ ልቀዳ ስሄድ አንዲት ጎረቤቴ "ንጎኔ፣ ባልሽ በራዲዮ ፈታሽ አሉ" አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እኔ ግን ባልዲዬን ጥዬ ወደ ቤት ገባሁ።

አባባ የጎረቤቶቹን ወሬ ሰምተው ነበር። "ሰው ሥራው ላይ ሆኖ የሚለው ነገር አለ" አሉኝ።

"እሱ የማያምንበትን ተናግሮ አያውቅም" አልኳቸው። "ማሂና ላይ አሥር ደቂቃን ሃያ አላለም።"

ተቀምጬ ለባንጁጉ ጻፍኩ። ረጅም ደብዳቤ አልነበረም። "ወደ ምዕራብ አንመለከትም ስትል ሰማሁህ። እኔ ያለሁት በምዕራብ ነው። ልጅህም ያለችው በምዕራብ ነው፤ ጥርስ አብቅላለች። ንግግሩን ስታነብ ይህን ታውቅ እንደነበር ጻፍልኝ።" ለአንድ የቆዳ ነጋዴ ሰጠሁት። መልስ አልመጣም። በ1962 መጨረሻ ደግሞ ያው ነጋዴ መጥቶ ባንጁጉ ከሚኒስቴሩ እንደወጣ ነገረኝ። የት እንዳለ አላወቀም። ታስሯል ብዬ አሰብኩ፤ ብዙ ቀን ልብስ መስፋት አቃተኝ።

የሆነውን ያወቅሁት በኋላ ከእሱው አፍ ነው። ደብዳቤዬ የደረሰው ከስምንት ወር በኋላ ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል በኪሱ ይዞት ዞረ። ከዚያ በፓርቲው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ተነሳ። "ባለፈው ዓመት ሀዲዱ ሞቷል ብያለሁ" አለ። "ተሳስቻለሁ። ነቅለነው ነው እንጂ አልሞተም። መልሰን ብንተክለው ይሻላል።" ተቀመጠ። ከሳምንታት በኋላ ሹሞቹ ጠርተው ድካም እንደታየበትና ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ነገሩት፤ ወዴት ቢዛወር እንደሚወድም ጠየቁት። "ካይ ቴሌግራፍ ቤት የድሮ ወንበሬ ባዶ ከሆነ" አላቸው። ባዶ ነበር። መስመሩ ከተቆረጠ ማን ይቀመጥበታል? ባንጁጉ ጃራ፣ ምክትል ሚኒስትር የነበረው ሰው፣ በቀን ሁለት ሦስት መልእክት በሚመጣበት ክፍል ካኪውን ለብሶ ተቀመጠ።

በ1963 ሰኔ ላይ ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ፤ ሀዲዱም ተመልሶ ተተከለ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በተነሳው ባቡር ቴኔን ይዤ ተሳፈርኩ። ስፌት መኪናዬን አባባ ራሳቸው በሣጥን አድርገው ጫኑልኝ። ጣቢያው ላይ እናቴ አለቀሰች፤ አባባ ግን የፉርጎውን ጎማ ጎንበስ ብለው እያዩ "ይሄ እስከ ካይ ያደርሳል" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ።

ካይ ስንደርስ ፀሐዩ ድንጋይ ያቀልጣል። ጣቢያው ላይ ከበሮ አለ፣ ባንዲራ አለ፣ የክብር ልብሳቸውን የለበሱ ሹማምንት ተሰልፈዋል። ባንጁጉን ከሹማምንቱ መሐል ፈለግኩት፤ የለም። አንድ ሰው የቴሌግራፍ ቤቱን በር አሳየኝ። ገባሁ። ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል፣ እጁ የቴሌግራፉ መምቻ ላይ ነው። ከባማኮና ከዳካር የደስታ መልእክት እየጎረፈ ነው፤ ከዚህም ሹማምንቱ ንግግራቸውን በወረቀት እየላኩ "ቶሎ አስተላልፍ" ይሉታል። ዞር ብሎ አየኝ። አየኝና ደነዘዘ። ከዚያ አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሳ፤ ቆዪ ማለቱ ነው።

ቆየሁ። ቴኔን ይዤ አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ገደማ ተቀመጥኩ። ስለ ወንድማማችነት የሌሎችን ንግግር በጣቱ ሲያስተላልፍ ጀርባውን እያየሁ ነበር። ሸሚዙ በላብ ርሶ ተጣብቋል። አንገቱ ላይ ሽበት ወጥቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳገኘው የምለውን ሳዘጋጅ ኖሬ ነበር፤ ብዙውም ስድብ ነበር፣ የወግ ስድብ ሳይሆን የእውነት። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ አለቀብኝ።

ማዳመጫውን አውልቆ መጥቶ ፊታችን ቆመ። ቴኔ ቀሚሴን ይዛ ተደበቀች።

"ይሄ ማነው?" አለችኝ።

"ያ የነገርኩሽ አሽከራችን ነው" አልኳት።

ባንጁጉ ተንበረከከ። "ትልቋ እመቤት ይሄን ያህል አድጋለች?" አላት። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ለረጅም ጊዜም ቀና አላለም። ቴኔ ሄዳ ጭንቅላቱን ነካችው።

ስለ ራዲዮው ንግግር የጠየቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

"ጽፈው ሰጡህ?" አልኩት።

"ጽፈው ሰጡኝ" አለ። "ያነበብኩት ግን እኔ ነኝ። ያ ዝም የምለው ነገርስ? እሱን ማንም አልጻፈልኝም።"

ሌላ ጊዜ አላነሳነውም።

ካይ ላይ ኖርን። ሁለት ልጆች ጨመርን። ወደ ፖለቲካ እንዲመለስ ሰዎች መጥተው ነበር፤ "ወንበሬን ማን ይጠብቅልኛል?" ብሎ ይመልሳቸዋል። በ1968 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ የድሮዎቹን ፖለቲከኞች እየለቀሙ ወሰዱ። አንድ የመቶ አለቃ ዝርዝር ይዞ ካይ መጣ። ባንጁጉ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ትንሽ ሻንጣ አዘጋጅቶ በረንዳ ላይ ጠበቀው። የመቶ አለቃው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየና "ጌታዬ፣ የእርስዎ ስም የለም" አለው። ባንጁጉ ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ አየው። ያን ቀን ምሳ አልበላም። ቀኑን ሙሉ ሳሾፍበት ዋልኩ። "ምክትል ሚኒስትር ነበርኩ ስትል እኔን ስትዋሸኝ ነው የኖርከው" አልኩት። ማታ ላይ ነው ፈገግ ያለው።

በ1987 ታመመ። በመጨረሻው ወር ከቤት መውጣት ሲያቅተው ጨዋታችን አንድ ነበር፤ የፌዴሬሽኑን ምክር ቤት አባላት በተቀመጡበት ቦታ እየዞርን መጥራት። እሱ ከታች ከወንበሩ ያየውን ይላል፣ እኔ ከሰገነቱ ያየሁትን። የሴንት ሉዊሱ ጠበቃ፣ መነጽሩን የሚረሳው። የሴጉው ሐኪም። የእሱ ጎረቤት፣ በንግግር መሐል የሚያንቀላፋው። ሠላሳ ዘጠኙን እናገኛቸዋለን። አርባኛው ከደቡብ ሴኔጋል፣ ከካዛማንስ የመጣ አጭር ሰው ነበር፤ ሳቁ ደስ የሚል። ባንጁጉ ስሙ ሳኔ ነው ይላል፣ እኔ ባጂ ነው እላለሁ።

"ሳኔ ነው። አጠገቤ ነበር የሚቀመጠው።"

"ባጂ ነው። ሚስቱ አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። የባሏን ስም በመሐረቧ ላይ ጠልፋው ነበር።"

"የሌላ ሰው መሐረብ ነው" አለ።

ሐሙስ ዕለት ሞተ። ከቲዬስ አምስት ጡረታ የወጡ ባቡረኞች ለቀብሩ መጡ፤ ላቲር ፋይ በዱላ እየተደገፈ ነበር። የዚያን አጭር ሰው ስም ጠየቅኳቸው። አንዱም አላወቀም። ቴኔ ዛሬ ሴኔጋል ውስጥ፣ ታምባኩንዳ አስተማሪ ነች፤ እሷም በየመጽሐፉ ፈልጋልኝ ነበር፣ እስካሁን አላገኘችውም።